ምዕራፍ 6፦ መኪናው አነሰ፣ መሬቱ አላነሰም

ውድድሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መወዳደሪያው ላይ የሚታየው ነገር አዲስ ሰውን ያስገርማል። ባትሪዎቹ ቻርጀር ላይ ናቸው፤ መኪኖቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። ባለቤቶቻቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ መሬት መሬቱን እያዩ ይዞራሉ። አንዱ ኩርባው ላይ ቁጢጥ ይልና አፈሩን በመዳፉ አበስ ያደርጋል፤ ከዚያ መዳፉን ገልብጦ የያዘለትን ያያል። ሌላው በጫማው ጫፍ ጫር ጫር ያደርጋል። ብሎን ወድቆባቸው የሚፈልጉ ይመስላሉ። ሁሉም የሚያወጡት የሚያወርዱት ግን አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ የትኛው ጎማ ይታሰር?

ባለፉት ምዕራፎች ስለ ሞተር፣ ስለ ባትሪና ስለ አሞርዛተር ብዙ ተጨዋውተናል። በሪሞት በሚነዱ መኪኖች ውድድር የቆየ ሰው ግን ጀማሪው መኪና ሲሽከረከርበትና ሲንሸራተትበት ካየ ስለነዚህ ቀድሞ አይጠይቅም። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ይነካል። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ከበስተኋላው ቀላል ሒሳብ አለ። ሒሳቡን ከያዝን በዚህ ምዕራፍ የሚመጣው ሁሉ፣ የጎማው ልስላሴ፣ ጥርሱ፣ ውስጡ ያለው ስፖንጅ፣ ማጣበቂያው፣ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ መሆኑ ይታየናል።

የጤፍ ፍሬና የመኪና ሒሳብ

አንድ የቤት መኪና 1500 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን እያንዳንዱን ለ10 ብናካፍል ክብደቱ የሚካፈለው ለ1000 ነው፤ 1.5 ኪሎ ይሆናል። በ1/10 ልክ የሚሠራ የውድድር ቡጊ (አፈር ላይ የሚወዳደር መኪና) ክብደትም እዚያው ገደማ ነው። ጎማው መሬቱን የሚነካበት ስፋት ግን ርዝመትና ወርድ ብቻ ስላለው የሚካፈለው ለ100 ነው። ክብደቱ ለ1000፣ የሚያርፍበት ስፋት ለ100 ከተካፈለ እያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር የምትሸከመው ጫና የትልቁን መኪና አንድ አሥረኛ ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

ጎማ መሬት የሚይዘው በአብዛኛው ተጭኖ ነው። አስፋልቱ ላይ ባሉት ጥቃቅን ጉብታዎችና ስርጉዶች ውስጥ ገብቶ፣ ቅርጻቸውን ይዞ ይነክሳቸዋል። ትልቁን መኪና ክብደቱ ራሱ ይጫንለታል። ትንሹ የሚጫንለት የለውም፤ ክብደት ያልሠራለትን ልስላሴ እንዲሠራለት ይፈልጋል። የውድድር ቡጊ ጎማ በሁለት ጣት ሲይዙት እንደ ጆሮ ጫፍ እጥፍ የሚለው ለዚህ ነው። የመኪናችንን ጎማ ላስቲክ እንዳለ አሳንሰን ብንገጥምለት ቡጊው ሳሙና ላይ እንደቆመ ሰው ይሆናል።

ይህ የሒሳቡ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ መሬቱ ነው፤ መኪናው ለ10 ሲካፈል መሬቱ አብሮት አልተካፈለም። አንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለ1/10 መኪና ያቺ ፍሬ የ1 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ናት። አንድ እፍኝ ጤፍ የተደፋበት ወለል እኛ ሳናየው እንረግጠዋለን፤ ለቡጊው ግን ገልባጭ መኪና ጠጠር የደፋበት ኩርባ ነው። የ3 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ደግሞ የ30 ሴንቲ ሜትር ቋጥኝ ይሆንበታል።

የዚህ ስፖርት ታሪክም መኪናው ከለሰለሰ ወለል ወደ ጤፉና ወደ ቋጥኙ የወጣበት ታሪክ ነው። የጃፓኑ ታሚያ በ1976 (እዚህም በኋላም ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን የሪሞት መኪና ሲያወጣ ያወጣው በ1/12 ልክ የተሠራ ፖርሽ 934 ነበር፤ ለአስፋልትና ለሲሚንቶ የሚሆን የመንገድ መኪና። በ1979 ሳንድ ስኮርቸር የተባለውን የአሸዋ ቡጊ አስከተለ። በ1984 አሜሪካ ውስጥ አርሲ10 የተባለው ለውድድር ታስቦ የተሠራ ቡጊ መጣ፤ በ1985 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዴል ማር የ1/10 ኤሌክትሪክ ቡጊዎች የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። አፈር ላይ መወዳደር ሲጀመር ጎማ ከመኪናው ጋር በካርቶን የሚመጣ ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀረ። እንደ ፕሮላይን ያሉ፣ ኋላም እንደ ጄኮንሴፕትስ ያሉ ኩባንያዎች ስማቸው በጎማ ይነሳል።

ጥርስ፦ ታኬታ ወይስ ሸራ ጫማ?

የጎማ ጥርስ ምርጫ ኳስ ለተጫወተ ሰው እንግዳ አይደለም። እርጥብ ሣር ላይ ረጅም ታኬታ ይደረጋል። ያንኑ ታኬታ አድርጎ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ የገባ ግን በመጀመሪያው ዙር ይዘረጋል፤ እዚያ ሸራ ጫማ ነው የሚሻለው። ጎማውም እንዲሁ ነው። የጥርሱን ርዝመት የሚወስነው ከላይ ያለው ልቅ አፈር ውፍረት ነው። ጥርሱ አቧራውን አልፎ ከሥሩ ያለውን ጠጣር መሬት መንካት አለበት። አጭር ከሆነ አቧራው ላይ ይንሳፈፋል። ጠጣር መሬት ላይ ከልክ በላይ ከረዘመ ደግሞ ጥርሱ ራሱ ይተጣጠፋል፤ መኪናው መሪ ከተሰጠው በኋላ ትንሽ ቆይቶ፣ እየተወዛወዘ ይታዘዛል።

በእንግሊዝ አገር ለረጅም ጊዜ ሣር ላይ፣ ቀጥሎም ሰው ሠራሽ ሣርና ምንጣፍ ላይ ይወዳደሩ ስለነበር እዚያ የገነነው ብዛት ያላቸው ቀጫጭን ሹል ጥርሶች ያሉት ጎማ ነው። የኖርዛምፕተኑ ሹማከር ሚኒ ፒን ብሎ የሚሸጠው ጎማ ብዙዎች በስሙ የሚያውቁት የዚህ ዓይነት ምሳሌ ነው። ጥርሶቹ በሣሩ ቃጫዎች መካከል እንደ ማበጠሪያ ገብተው ይይዛሉ።

የአሜሪካ የቤት ውስጥ መወዳደሪያዎች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ብዙዎቹ ሸክላ አፈር በውሃ አርሰውና ጠቅጥቀው የሠሯቸው ናቸው። መኪኖች ደጋግመው ሲመላለሱበት አፈሩ ይወለወላል፤ የጎማ ላስቲክም እየተለጠፈበት የሚሄዱበት መስመር ይጠቁራል። አንዳንድ ቦታ አፈሩ ላይ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይረጫል፤ ሲደርቅ ላዩን የሚያጣብቅ ያደርገዋል። እንዲህ ዓይነት መሬት ላይ ጥርስ የሚነክሰው ነገር የለም፤ የሚጠቅመው መሬቱን የሚነካው የላስቲክ ስፋት ነው። ስለዚህ አፈር ላይ እየተወዳደሩ ጭራሽ ጥርስ የሌለው ልሙጥ ጎማ ያስራሉ። ከጥቁሩ መስመር አንድ ክንድ የወጣ ግን አቧራው ላይ ነው፤ እዚያ ልሙጡ ጎማ አያድነውም።

የፊትና የኋላ ጎማም ሥራቸው ይለያያል። በኋላ እግሩ ብቻ በሚነዳ ቡጊ የኋላው ጎማ ወፍራም ነው፤ መግፋት አለበት። የፊተኛው ቀጭን ሆኖ ዙሪያውን እንደ እርሻ ፈር የተዘረጉ መስመሮች ይኖሩታል። መስመሮቹ ወደፊት ለመንከባለል አይከለክሉትም፤ ወደ ጎን ሲገፋ ግን ይይዙታል። መሪ ማለት ይኸው ነው። ጀማሪው ኩርባ ላይ ኋላው እየቀደመ ቢያስቸግረው የሚቀናው የኋላውን መቀየር ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ፊተኛው አብዝቶ ስለያዘ ነው፤ የፊቱን መስመር በመቀስ መቀነስ ከአዲስ የኋላ ጎማ የበለጠ ይፈውሳል።

ውህድና ፀሐይ

አንድ ዓይነት ጥርስ ያለው ጎማ በሦስትና በአራት የላስቲክ ውህድ ተሠርቶ ይሸጣል። አሰያየሙ በኩባንያው ይለያያል። ጄኮንሴፕትስ በቀለም ይጠራቸዋል፤ ሰማያዊው ለስላሳ፣ አረንጓዴው እጅግ ለስላሳ ነው። ፕሮላይን ለኤም2 መካከለኛ፣ ለኤም3 ለስላሳ፣ ለኤም4 እጅግ ለስላሳ ይላል። አንዳንድ የመንገድ ጎማዎች ላይ ደግሞ 28፣ 32፣ 36 የሚሉ ቁጥሮች ይታተማሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ለሞቃት አስፋልት የታሰበ ነው።

ታዲያ ልስላሴ ጥሩ ከሆነ ሁልጊዜ ለስላሳውን ለምን አናስርም? ላስቲክ እንደ ሰም ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ይላላል። ረፋድ ላይ ልክ የነበረ ጎማ አስፋልቱ በቀትር ፀሐይ ሲግል ከልክ በላይ ይለሰልሳል። ጥርሱ መቆም ያቅተዋል፤ ላዩ እየተፈገፈገ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ይሆናል፤ መኪናው የመጀመሪያዎቹን ዙሮች አንደኛ ሆኖ ይሮጥና መጨረሻው ላይ በበረዶ ላይ እንደሚሄድ ይሆናል። በተቃራኒው ጠንካራው ጎማ በብርዳማ ጠዋት ሳይነቃ ውድድሩ ያልቃል። የመንገድ ተወዳዳሪዎች ጎማቸውን ከመነሻው በፊት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጠቅልለው 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚያደርሱት ለዚህ ነው። በኪሳቸው የሚይዙት የሙቀት መለኪያም የሚያነበው የአስፋልቱን ሙቀት ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ አስፋልት ከአየሩ በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል።

አየር የማይነፋ ጎማ

ይህን ጎማ ጎሚስታ ቢያየው መጀመሪያ የሚፈልገው የሚነፋበትን ቀዳዳ ነው። የለውም። የውስጥ ጎማም፣ የታመቀ አየርም የለም። መኪናውን የሚሸከመው ላስቲኩ ውስጥ እንደ ቀለበት የገባ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተገናኙ ነው፤ ለስላሳና ርካሽ ነው፣ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ከጊዜ በኋላም ይሟሽሻል። ሁለተኛው እያንዳንዷ አረፋው የተዘጋች ነው፤ ውሃ አያስገባም፣ ቅርጹንም ለብዙ ውድድር ይጠብቃል። ዋጋው ከፍ ይላል እንጂ በዓመት ሲሰላ ብዙ ጊዜ እሱ ይረክሳል።

ስፖንጁ ሥራውን እንዲሠራ ግን በዙሪያው ያለው አየር መውጫ ያስፈልገዋል። ጎማው ከቸርኬው ጋር ዙሪያውን ከተጣበቀ በኋላ ውስጡ ያለው አየር መሄጃ ከሌለው ጎማው ኳስ ይሆናል፤ መኪናው ከዝላይ ሲያርፍ ይነጥራል። ስለዚህ ቸርኬው ላይ ወይም ላስቲኩ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ሲያርፍ አየሩ ይወጣል፣ ሲነሳ ይገባል። ቀዳዳው ላስቲኩ ላይ ከሆነ የገባውንም ውሃ ጎማው ሲሽከረከር መልሶ ይረጨዋል።

መሽከርከሩስ ምን ያህል ነው? በ1/8 ልክ የሚሠራ ቡጊ ጎማው ከዳር እስከ ዳር 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ይህ ጎማ በሰከንድ 48 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚያ ፍጥነት እያንዳንዷ ግራም ላስቲክ ግማሽ ኪሎ የሚያህል ኃይል ወደ ውጭ ይስባታል። ለስላሳ ጎማ በረጅሙ ቀጥታ ላይ መሃሉ አብጦ ዳርና ዳሩ ከመሬት የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ላስቲኩን ቸርኬው ላይ የሚያቆየው ማጣበቂያ ምን ያህል ኃላፊነት እንዳለበትም ከዚሁ ቁጥር ይታያል።

ማጣበቅ

የመጀመሪያ ጎማዎቼን ያጣበቅሁ ዕለት እጅግ ቸኩዬ ነበር። ከላስቲክ ከረጢታቸው አወጣኋቸው፣ ቸርኬው ላይ ገፋኋቸው፣ ሱፐር ግሉ አንጠባጠብኩባቸው፣ አበቃ። አራተኛው ዙር ላይ የኋላ ቀኙ ጎማ ከቸርኬው ተላቆ እንደተፈታ መቀነት ተንጠለጠለ፤ መኪናው በፕላስቲክ እግሩ እየተንቋቋ ቆመ። ሳነሳው የሱፐር ግሉው ቀለበት ሳይሰበር፣ ሙሉውን፣ እንደ ብርጭቆ ክር ቸርኬው ላይ ቀርቷል። ላስቲኩ ላይ ምንም አልያዘም ነበር። አዲስ ጎማ ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባ ነገር ላዩ ላይ እንደሚቀር ያወቅሁት በዚያ ምሽት ነው። ሱፐር ግሉው የተጣበቀው ከቅባቱ ጋር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። የጎማው ከንፈር፣ ማለትም የቸርኬው ቦይ ውስጥ የሚገባው ጠርዝ፣ አልኮል በነካ ጨርቅ ዙሪያውን ይወለወላል፤ ጨርቁ ጥቁር ማውጣቱን እስኪተው ድረስ። የቸርኬው ቦይ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅ ፈቅ ተደርጎ ይጠረጋል፤ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ በደንብ አይጣበቅም። ከዚያ ስፖንጁ ይገባል። ስፖንጁ አንድ ቦታ ቢታጠፍ ጎማው እብጠት ያለበት እግር ይሆናል፤ ስለዚህ ጎማውን በሁለት እጅ እያሹ ማዞር፣ ቀጥሎም በጣት አሽከርክሮ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ከንፈሩ ቦዩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መቀመጡ ከተረጋገጠ በኋላ ጎማውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመን በአውራ ጣት ከንፈሩን ከቸርኬው ፈልቀቅ እናደርጋለን። በቀጭኑ ሱፐር ግሉ፣ በመርፌ መሰል አፍንጫው፣ አንዲት ጠብታ። እንለቀዋለን። ማዶ ለማዶ ሌላ ጠብታ፣ ከዚያ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ። አራቱ ቦታ ሲይዝ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት አንድ በአንድ መሙላት ነው። ቀጭኑ ፈሳሽ ራሱ ወደ ቦዩ እየተሳበ ይሄዳል፤ ማብዛት ጎን ላይ ፈስሶ ማድረቅ ነው። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በአየሩ ውስጥ ባለው እርጥበት ነው፤ እፍ እያሉ ማጣደፍ ግን ትርፉ ጢሱን ወደ ዓይን መሳብ ነው። መስኮት ከፍቶ፣ አንዱን ጎን ጨርሶ፣ ቆይቶ ሌላውን መገልበጥ ይሻላል። መጨረሻ ላይ ዙሪያውን በአውራ ጣት ገፋ ገፋ ማድረግ፤ አንድ ቦታ ስንጥቅ ከታየ ጎማው የሚላቀቀው ከዚያ ነው።

አዲስ ጎማ ጥሩ ጎማ አይደለም

ተጣብቆ ያለቀ ጎማ ገና ጥሬ ነው። ላዩ ላይ ያለው አብረቅራቂ ሽፋን እስኪገፈፍ መሬት አይነክስም። ልሙጡ ጎማ በተለይ ጥቂት የልምምድ ዙሮች ካልሮጠ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ካልተገፈፈ ለውድድር አይቀርብም። ጥርስ ያለውም ቢሆን ጠጣር ሸክላ ላይ ከአዲሱ ይልቅ ግማሽ ያለቀው ይፈጥናል፤ ጥርሱ አጥሮ መተጣጠፉን ትቷል። አዲስ ጎማ ገዝተው ሲሚንቶ ላይ ወስደው ሆን ብለው ጥርሱን የሚበሉ ተወዳዳሪዎች ያሉት ለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ ከስፖንጅ የሚሠራው የመንገድ ጎማ ደግሞ እንደ ቶርኖ ባለች ትንሽ ማሽን ላይ ታስሮ እየተላገ ልኩን ይይዛል።

ምንጣፍና አስፋልት ላይ ሌላም ዝግጅት አለ። ጎማው ላይ በብሩሽ የሚቀባ፣ የላስቲኩን ላይ የሚያለሰልስ ፈሳሽ ይጠቀማሉ። ቀብቶ ለደቂቃዎች መተው፣ ከዚያ መጥረግ ነው። ከቀድሞዎቹ አንዳንዶቹ ለጡንቻ ሕመም እንደሚታሸው ቅባት አፍንጫ የሚሰብር ሽታ ነበራቸው፤ የታፈነ አዳራሽ ውስጥ ሰው ስለሚያስቸግር በብዙ መወዳደሪያዎች ተከልክለዋል። በአንዳንድ ውድድሮች ፈሳሹም ጎማውም ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን ይደነገጋል፤ ያኔ ልዩነቱ የሚመጣው ከአዘገጃጀቱ ነው።

ሁሉም ነገር ተሳክቶ ጎማው ከመጠን በላይ ቢይዝስ? እሱም ችግር ነው። ምንጣፍ ላይ የፊት ጎማው ጎን ነክሶ አልለቅም ሲል መኪናው ኩርባው ላይ ተገልብጦ ይንከባለላል። መድኃኒቱ ያው ሱፐር ግሉ ነው፤ የፊት ጎማውን ጎን ዙሪያውን በስሱ ሲቀቡት ይደርቃል፣ መንከሱን ያቆማል። ልስላሴ ፍለጋ የጀመርነው ሰዎች እዚህ ደርሰን እናጠነክረዋለን።

መዳፍ

አሁን ወደ ጠዋቱ ሰውዬ እንመለስ፤ ኩርባው ላይ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ወደሚያየው። መዳፉ ላይ ደቃቅ አቧራ በብዛት ከተያዘ ጥርስ ያስፈልገዋል፤ አቧራውን አልፎ የሚገባ። አፈሩ ቀዝቀዝ ብሎ ርጥብ ከሆነና ቁርጥራጩ ከተለጠፈበት ጥርሶቹ ራቅ ራቅ ያሉትን ይመርጣል፤ የተጠጋጉት ጭቃ ይሞሉና ልሙጥ ሆነው ይቀራሉ። መሬቱ ጥቁርና የተወለወለ ሆኖ መዳፉ ንጹሕ ሆኖ ከተመለሰ ልሙጡን ወይም ያለቀውን ያወጣል።

መልሱ ግን እስከ ማታ አይቆይም። ከሰዓት በኋላ ውሃ ይረጫል፣ ወይም ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ወይም ሠላሳ መኪና ሲመላለስበት መስመሩ ይጠቁራል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ በመሣሪያ ሳጥናቸው ውስጥ ደብተር የሚይዙት፦ ሰዓቱ፣ የመሬቱ ሙቀት፣ የትኛው ጥርስ፣ የትኛው ውህድ፣ ስንተኛው ዙር ላይ መንሸራተት ጀመረ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየርም ልማዳቸው ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የቀየረ የቱ እንደጠቀመው አያውቅም።

ውድድሩ ሲጀመር ሁሉም ከፍ ያለው መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ የሚነዱት ከዚያ ነው። ከዚያ ላይ ሲታይ መሬቱ የተዘረጋ ምንጣፍ ይመስላል፤ ጤፍ የሚያህለው ጠጠር አይታይም። መኪናው ግን የሚሮጠው እሱ ላይ ነው። ለዚህ ነው ከመውጣታቸው በፊት ቁጢጥ የሚሉት።